እማዬ አንቱ ያለችኝ ቀን

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ቡና እየቆላሁ ነበር። እማዬ ከመኝታ ቤት ወጥታ በሩ ጋ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አየችኝ፣ ፈገግ አለች፣ ከዛ "እንደምን አደሩ፣ አረ ይቀመጡ፣ እንግዳ እንዴት ቆሞ ቡና ይቆላል?" አለችኝ። መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ወንበሩን በእጇ ጠረግ ጠረግ አድርጋ አቀረበችልኝ፣ እኔም የምለው ጠፍቶኝ ተቀመጥኩ፣ ቡናው አረረ።

ይሄ ነገር አማርኛ ለሚናገር ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከዛ በፊት ስሜን ረስታ ታውቃለች፣ በሟች እህቷ ስም ጠርታኛለች፣ አንዳንዴ የሰፈራችን ልጅ እመስላታለሁ፣ ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው ካለን ሦስት ዓመት ስላለፈ ይሄን ይሄን ለምጄው ነበር። ምክንያቱም በማንም ስም ብትጠራኝ "አንቺ" ነበርኩ። አንቺ ስትለኝ ልጇ ነኝ፣ ልትቆጣኝ ትችላለች፣ ልታቅፈኝ ትችላለች። አንቱ ስትለኝ ግን በትህትና፣ በአክብሮት፣ ወንበር አቅርባ ከቤቷ አወጣችኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም እኮ፣ እንደውም ያሳደጋት ጨዋነት ነው እስከ መጨረሻ ያልተዋት። እኔ ግን የዛን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ በሽታው አይደለም። ከዛ ቅዳሜ በኋላ አንድ ሙሉ ዓመት ሲያብሰለስለኝ ስለከረመ አንድ ጥያቄ ነው፣ ጥያቄውን ደሞ መጀመሪያ ያወጣው ወንድሜ ነው። አንድ ማታ ስልክ ደውሎ ስለ መድኃኒቱ ምናምን ካወራን በኋላ ዝም አለና "አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቆጪ" አለኝ። "እማዬ እንዲህ እንደሆነች ብትሄድ... ማለቴ ጌታንም ረስታዋለች እኮ።"

አልተቆጣሁም። እኔም ውስጤ ያው ጥያቄ ስለነበረ ነው። ከዛ ስልክ ሁለት ሳምንት በፊት መጽሐፍ ቅዱስ ሳነብላት ኢየሱስ የሚለው ስም ጋ ስደርስ "ማነው እሱ? የዚህ ሰፈር ሰው ነው?" ብላኝ ነበር።

እማዬ ማን እንደነበረች ካልነገርኳችሁ የዚህን ክብደት አትረዱትም። በደርግ ጊዜ ነው ያመነችው፣ ገና ወጣት ሆና። አብያተ ክርስቲያናት እየተዘጉ አማኞች በየቤቱ ቡና ጠጡ፣ ልደት ነው እያሉ ይሰበሰቡ የነበረበት ዘመን ነው። መዝሙር የሚዘመረው በሹክሹክታ ነበር ትለን ነበር፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ዱቄት ዕቃ ውስጥ ነበር የምትደብቀው፣ እኔ ልጅ ሆኜ ያንን መጽሐፍ ሳገላብጥ ገጾቹ መሀል ነጭ አቧራ ነገር ነበረው። እጅሽን አንስተሽ መፈክር በይ ስትባል አልልም ብላ ቀበሌ አስሯት ነበር። ልጆች ሆነን ማታ ማታ መዝሙር 136ን በቃል ታስብለን ነበር፣ እሷ የፊተኛውን ግማሽ ትላለች፣ እኛ "ምሕረቱ ለዘላለም ነውና" ብለን እንመልሳለን፣ ሃያ ስድስት ጊዜ። ወንድሜ ሁልጊዜ ሃያኛው አካባቢ ይተኛ ነበር። አሁን ሁለቱንም ወገን የምለው እኔ ነኝ።

እና ይቺ ሴትዮ፣ ጠመንጃ ይዘው ሲያስፈራሯት ያልካደችውን ስም አሁን ማነው ትላለች። "እስከ መጨረሻ የሚጸና ግን እርሱ ይድናል" ተብሎ ተጽፎ የለ? መጨረሻው የትኛው ነው? አእምሮዋ የቆመበት ነው ወይስ ልቧ የሚቆምበት?

እውነቱን ለመናገር እኔ በዚህ ጉዳይ ሰላም ኖሮኝ አያውቅም። በወንጌላውያን ቤት ያደጋችሁ የንጥቀትን ፍርሃት ታውቁታላችሁ፣ ጌታ ድንገት መጥቶ አማኞቹን ሲወስድ እኔ ብቀርስ የሚለውን። ዘጠኝ ዓመቴ አካባቢ ከትምህርት ቤት ስመለስ የግቢው በር ገርበብ ብሏል፣ ቤቱ ክፍት ነው፣ ሽሮው ምድጃው ላይ እየተንተከተከ ነው፣ ሰው ግን የለም። እማዬ ብዬ ተጣራሁ፣ መልስ የለም። ጌታ መጥቶ ወስዷቸው እኔ ቀርቼ ነው ብዬ ቦርሳዬን ጥዬ ጎረቤት ሮጥኩ፣ የዲያቆኑ ሚስት ልብስ እያሰጣች ስትሆን እሷን ሳያት እግሬ ተብረከረከ፣ እሷ ካለች አልመጣም ማለት ነው። እማዬ ለካ ጨው ልትገዛ ሱቅ ሄዳ ነበር። ያን ቀን ለማንም አልተናገርኩም ግን ከዛ በኋላ ለብዙ ዓመት ማታ ከመተኛቴ በፊት የሠራሁትን ኃጢአት አንድ በአንድ እቆጥር ነበር፣ አንድ ዘልዬ ብተኛና ሌሊት ቢመጣስ ብዬ።

በወጣትነቴ ሰባት ጊዜ ጌታን ተቀብያለሁ። በየኮንፈረንሱ ጥሪ ሲደረግ እወጣለሁ። አንድ አገልጋይ መድረክ ላይ ሆኖ "ስምሽ ዛሬ ከሕይወት መጽሐፍ ተፍቆ ቢሆንስ?" ሲል ትዝ ይለኛል፣ አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ወጣሁ። ትልቅ ሰው ሆኜ ነው ያ ቃል ራእይ 3 ላይ ምን እንደሚል በእርጋታ ያነበብኩት። "ስሙንም ከሕይወት መጽሐፍ አልደመስስም" ነው የሚለው። አልደመስስም! ተስፋ ሆኖ የተጻፈውን ዛቻ አድርገን ነበር የሰማነው። ያንን አገልጋይ አልወቅሰውም፣ ከልቡ ነበር፣ ግን የስንቶቻችንን እንቅልፍ እንደወሰደ ሳስብ ያመኛል።

ታዲያ የወንድሜ ጥያቄ ሲመጣ እኔ ጋ ዝግጁ መልስ አልነበረም። ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ፣ ዩቲዩብ ላይ ክርክሩን አየሁ፣ አሁን አሁን የኛ ልጆችም ቴሌግራም ላይ አንዴ የዳነ ይጠፋል አይጠፋም እያሉ ሌሊቱን ሙሉ ይከራከራሉ። አዲስ አይደለም፣ ሆላንዶች ከአራት መቶ ዓመት በፊት እ.ኤ.አ. በ1618 እና 1619 ዶርት በምትባል ከተማቸው ጉባኤ ተቀምጠው ተከራክረውበታል፣ ዛሬም አላለቀም። እኔ ክርክሩን አልናቅኩትም። ግን ሁለቱም ወገን የሚያወራው ጤነኛ ሆኖ ስለሚመርጥ ሰው ነው። የማን ልጅ እንደሆነች ረስታ መስኮት ጋ ቁጭ ስለምትል ሴትዮ የሚያወራ አላገኘሁም።

መልሱን ያገኘሁት ብዙ ጊዜ ካነበብኩት ቦታ ነው። ኢሳይያስ 49። "በውኑ ሴት ከማኅፀንዋ ልጅ እስከማትራራ ድረስ ሕፃንዋን ትረሳ ዘንድ ትችላለችን?" ይላል። ሁልጊዜ ይሄን ስሰማ መልሱ አትችልም የሚል ይመስለኝ ነበር፣ ሰባኪዎችም እንደዛ ነው የሚሉት፣ እናት ልጇን አትረሳም፣ እግዚአብሔርም እንደዛው። ጽሑፉ ግን እንደዛ አይልም። "አዎን፥ እርስዋ ትረሳ ይሆናል" ነው የሚለው። አዎን! ነቢዩ እናት ልትረሳ እንደምትችል ያውቃል። የኔ እናት ረስታኛለች፣ የዘጠኝ ወር ሸክሟን፣ ጡቷን ያጠባችኝን፣ አንቱ ብላኛለች። "ነገር ግን እኔ አልረሳሽም። እነሆ፥ እኔ በእጄ መዳፍ ቀርጬሻለሁ።" ያንን ቁጥር ያነበብኩት እሷ አጠገቤ ተኝታ ነው፣ ካነበብኩት በኋላ ደግሜ አነበብኩት፣ ከዛ ገባኝ፣ ይሄ ቃል ለኔ ብቻ ሳይሆን ለሷም ነው። እሷ ልጇን ረሳች፣ አምላኳንም ረሳች፣ እሱ ግን አልረሳትም፣ ኪዳኑ ደሞ የቆመው በሷ ሜሞሪ ላይ አይደለም።

አስቡት እስቲ። መዳኔ እኔ እሱን በመያዜ ላይ የቆመ ቢሆን እኮ እማዬ በሽታው በጀመራት ቀን መዳኗ መሟሟት ጀምሯል ማለት ነው፣ ትንሽ ትንሽ፣ በየቀኑ። መጀመሪያ የሐዋርያት ስም፣ ከዛ መዝሙሮቹ፣ ከዛ ጸሎቱ፣ መጨረሻ ላይ የአዳኟ ስም። ይሄ ወንጌል ሊሆን አይችልም። ይሄንን የምለው እናቴ ስለሆነች ብቻ አይደለም፣ ምናልባት እሱም አለበት፣ ግን ቃሉ ራሱ እንደዛ ስለሚል ነው። ፊልጵስዩስ 3 ላይ ጳውሎስ "በክርስቶስ ኢየሱስ የተያዝሁበትን ያን ደግሞ እይዛለሁ ብዬ እፈጥናለሁ" ይላል። መያዝም አለ፣ እሱ ራሱ ይሮጣል፣ ይለፋል። ግን እሱን ከመያዝ በፊት በሱ መያዝ አለ፣ የተያዘ ሰው ነው የሚይዘው።

ስለ መያዝ ካነሳሁ አይቀር፣ አባዬ እህል ነጋዴ ነበር፣ እህል በረንዳ፣ መርካቶ። ክረምት ላይ አንዳንዴ ይዞኝ ይሄድ ነበርና የጤፍ ስምምነት ሲደረግ አያለሁ። ገዢው ጆንያውን ይወጋል፣ በመዳፉ ላይ አፍስሶ እፍ ይላል፣ ዋጋ ይቆራረጣሉ፣ ከዛ ገንዘቡን በሙሉ ሳይሆን ትንሽ ይሰጥና ይሄዳል። አባዬ ቀብዱን ኪሱ ከከተተ በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ የተሻለ ዋጋ ቢሰጠው እንኳ "ቀብድ ተበልቶበታል" ይላል፣ በቃ፣ ጤፉ እዛው ቁጭ ብሎ ግን የሰው ነው። ገዢው ቢሸሽስ ብዬ ስጠይቀው "ቀብዱ ይቀርበታላ" አለኝ።

ኤፌሶን 1 ላይ መንፈስ ቅዱስ "የርስታችን መያዣ" ተብሏል። በገበያ አማርኛ ቀብድ ነው እሱ። እኔ ይሄን ቃል ባንክ ቤት ካለው መያዣ ጋር እያገናኘሁ ነበር የማነበው፣ አባዬን ሳስታውስ ነው የበራልኝ። እግዚአብሔር ሊወስደን ሲዋዋል ቀብድ አድርጎ የሰጠው ወርቅ አይደለም፣ መልአክም አይደለም፣ የራሱን መንፈስ ነው። ገዢው ቢተወን ቀብዱ ይቀርበታል፣ ቀብዱ ደሞ ራሱ ነው። 2ኛ ጢሞቴዎስ 2 ላይ "ባናምነው፥ እርሱ የታመነ ሆኖ ይኖራል፤ ራሱን ሊክድ አይችልምና" ሲል ይሄንኑ ነው የሚለው መሰለኝ። እኛን መተው ራሱን መካድ እስኪሆንበት ድረስ ከኛ ጋር ተሳሰረ። ይሄ ሲገባኝ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፣ ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ፣ ወራጅ አለ ማለት ረስቼ ፌርማታዬን አለፍኩት።

እዚህ ጋ ግን ሐቀኛ መሆን አለብኝ፣ ከዛ ቁጥር በፊት ያለው "ብንክደው፥ እርሱ ደግሞ ይክደናል" ነው የሚለው። ከእምነት ስለ መውደቅ የሚያስጠነቅቁት ዕብራውያን 6 እና ዕብራውያን 10ም አሉ። እነዚህን ዘልሎ የሚያልፍ ትምህርት አልፈልግም። ሆን ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ የሄደ፣ ብርሃኑን አይቶ አልፈልግህም ያለ ሰው ጋ ስደርስ አፌን እይዛለሁ፣ እጸልይለታለሁ። አንዳንዱ ደሞ "አንዴ ድኛለሁ" እያለ ሚስቱን የሚደበድብ፣ የሰው ገንዘብ የሚበላ አለ፣ እሱን ሳይ ይሄ ሰው ምን ይዞ ነው ድኛለሁ የሚለው እላለሁ። ማስጠንቀቂያው ለሱ ነው የተጻፈው፣ ተኝቶ ለሚነዳ ሹፌር እንደሚጮኽ ክላክስ። ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ያ ክላክስ ሲጮኽ የምንነቃው እኛ ነበርን፣ ቀድሞውኑ እንቅልፍ ያልወሰደን ሰዎች። ፍርሃት ደሞ ቅዱስ አላደረገኝም፣ ራሴን መስክሬ እነግራችኋለሁ፣ ሰባት ጊዜ ወጥቼ ያው ሰው ሆኜ ነው የተመለስኩት። የለወጠኝ ነገር ካለ አይተወኝም ብዬ ያመንኩ ጊዜ ነው፣ ያኔ ነው ኃጢአቴን ሳልደብቅ ለመናገር እንኳ ድፍረት ያገኘሁት።

ጴጥሮስን ተመልከቱ። ሉቃስ 22 ላይ ጌታ "ሰይጣን እንደ ስንዴ ሊያበጥራችሁ ለመነ፤ እኔ ግን እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ" ይለዋል። ዶሮው ገና አልጮኸም፣ ጴጥሮስ ገና አልካደም፣ ልመናው ግን ቀድሞ ገብቷል። ቀጥሎ ደሞ "በተመለስህ ጊዜ" ነው የሚለው፣ ብትመለስ አይልም። እኔ በዚች አንድ ቃል ስንት ቀን ኖሬባታለሁ።

ይሄ ነገር በአገራችንም ታይቷል። የወላይታን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጣሊያን ሲመጣ ሚሲዮናውያኑ በ1929 ዓ.ም. ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። አርባ ስምንት ሰው፣ የኛ ሰፈር ዕድር አይሞላም። አስተማሪ የለ፣ በራሳቸው ቋንቋ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ የለ፣ እንደ ዋንዳሮ ያሉት መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ። ሚሲዮናውያኑ ልባቸው ተሰብሮ ነው የወጡት፣ ይቺ ጭላንጭል አለቀላት ብለው። ከጣሊያን መውጣት በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ግን ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ አማኝ ነው የጠበቃቸው። እነዛን 48 ሰዎች ማን ያዛቸው? ያዥ ሰው አልነበረም እኮ።

ግን ደሞ መያዝ ማለት አለመገረፍ ማለት እንዳልሆነ እዩ። ይሄን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል አግኝተው ሕዝቤን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፣ ተገደሉም። አስከሬናቸው ያለበት የታወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፣ በ1984 በክብር ተቀበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ በእስር ቤት ወደ አሥር ዓመት ቆዩ። እግዚአብሔር ይወዳቸው አልነበረም? ሮሜ 8ን ስናነብ መጨረሻውን እንወደዋለን፣ መሀሉ ላይ ግን "ስለ አንተ ቀኑን ሁሉ እንገደላለን" የሚል አለ። ጳውሎስ ዝርዝሩን ሲጀምር "ሞት ቢሆን" ብሎ ነው የሚጀምረው፣ የሚያስፈራውን ነገር መጀመሪያ አስቀመጠው። ከዛ "ሕይወትም ቢሆን" አለ። ድሮ ይሄ አይገባኝም ነበር፣ ሕይወት እንዴት ከእግዚአብሔር ፍቅር ይለያል? አሁን ገባኝ። አንዳንዴ ከሞት ይልቅ መኖር ነው የሚነጥቀው፣ ረጅም ዕድሜ፣ እርጅና፣ ራስን እስከ መርሳት መኖር። እሱም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። መጨረሻ ላይ "ከእግዚአብሔር ፍቅር ሊለየን እንዳይችል ተረድቼአለሁ" ይላል። ተረድቼአለሁ። እማዬ ዛሬ ይሄን ቃል ማለት አትችልም፣ እኔ እልላታለሁ።

ወንድሜን መልሼ ደወልኩለት፣ ከወር በኋላ። ኢሳይያስን አነበብኩለት። "ትረሳ ይሆናል" የሚለው ጋ ስደርስ ስልኩ ውስጥ ድምፁ ጠፋ፣ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ አልኩ። "አለሁ" አለኝ፣ አፍንጫውን እየጠረገ። ሌላ ብዙ አላወራንም።

አሁን እማዬ በእግሯ ብዙ አትሄድም። ሌሊት ሽንት ቤት ለመውሰድ እኔ ነኝ የምነሳው። መጀመሪያ ሰሞን እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር የምንሄደው፣ አንድ ሌሊት ኮሪደሩ መሀል ላይ ድንገት ጣቶቿን ከፈተቻቸው፣ መያዟን ረስታ ነው፣ ወደቀች፣ ግንባሯ ተተረተረ። በማግስቱ ቁስሏን የምታጥብላት ነርስ "እጇን አትያዢ" አለችኝ። "ከአንጓዋ በላይ ክንዷን ያዢ፣ እሷ ብትለቅም አንቺ አትለቂም።" ከዛ ጀምሮ እንደዛ ነው የምይዛት። ክንዷ ቀጭን ስለሆነ ጣቶቼ ዞረው ይገናኛሉ።

ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ እንደተለመደው ተነሳን። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የስልኬን መብራት በጥርሴ ይዤ ነበር። ኮሪደሩ መሀል ስንደርስ ቆመችና ፊቴን አየችው።

"ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ነዎት?"

ስልኩን ከአፌ አወጣሁት። "ልጅሽ ነኝ እማዬ።"

"ልጅ አለችኝ እኔ?"

"አለችሽ።"

ትንሽ አሰበች። ጣቶቿ እንደልማዳቸው ተከፍተው ተንጠልጥለዋል፣ እኔ ክንዷን እንደያዝኩ ነኝ።

"ታዲያ ትመጣለች?" አለችኝ።

"እዚሁ ናት" አልኳት፣ ቀስ ብለን ሄድን።